ወርቁን አውቀነዋል፣ አልማዙን አምጡት፦ ከአንዲት የወባ ላቦራቶሪ የተላከ ግልጽ ደብዳቤ

ለ፦ በቺካጎ፣ በሃርቫርድ፣ በሽቱትጋርት፣ በኡልም፣ በለንደን፣ በግሮኒንገንና በሌላም ቦታ ሕያው ነገርን በአልማዝ ለምትመረምሩ ሳይንቲስቶች
ግልባጭ፦ ለሀገሬ የፊዚክስ መምህራን
ጉዳዩ፦ መሣሪያችሁን እኛ ጋ መጥታችሁ እንድትሞክሩት ስለመጠየቅ

ለጤናችሁ እንደምን ሰነበታችሁ?

ደብዳቤዬ በአማርኛ መሆኑ ግር ይላችሁ ይሆናል። አይዟችሁ። በየላቦራቶሪያችሁ አንድ ሐበሻ አይጠፋም። ወይ ዶክትሬቱን እየሠራ ነው፣ ወይ ማታ ማታ ሕንጻውን ይጠብቃል። እሱን ጥሩና ያንብብላችሁ። ቡና ከጋበዛችሁት ደግሞ አሳምሮ ይተረጉምላችኋል። ዓመታቱን ለእናንተ እንዲቀል ብዬ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ጽፌያለሁ።

እኔ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ። ቆላ ውስጥ ባለች አንዲት ጤና ጣቢያ 14 ዓመት ደም ሳይ ኖሬያለሁ። ሥራው ሲያዩት ቀላል ነው። ጣት ትወጋለህ። ሁለት ጠብታ ስላይድ ላይ ታኖራለህ፣ አንዱን ወፍራም አንዱን ቀጭን አድርገህ ትቀባለህ። ታደርቃለህ፣ ጊምሳ የሚባለውን ቀለም ታለብሰዋለህ፣ ታጥባለህ። ከዚያ ዘይት ጠብ አድርገህ በመቶው ሌንስ ታያለህ። ክረምቱ አልፎ ውሃው በየጉድጓዱ ሲያቁር፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር፣ ወረፋው ከበሩ አልፎ ግራሩ ጥላ ድረስ ይሄዳል። በዚያ ሰሞን ተኝቼ ዓይኔን ስጨፍን የሚታየኝ ሐምራዊ ክብ ብቻ ነው።

የ2024ቱን አታንሱብኝ። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳለው ከጃንዋሪ እስከ ኦክቶበር 20 ባለው ጊዜ ብቻ ኢትዮጵያ ውስጥ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማን ተመዝግበዋል፤ 1,157 ሰው ሞቷል። ከሚሊዮኖቹ ጥቂቱ በእኔ ዓይን አልፏል።

ስለ እናንተ የሰማሁት ከታካሚ ነው። የከተማችን የፊዚክስ መምህር ነው፤ ጓደኛዬም ነው። አንድ ቀን እየተንቀጠቀጠ መጣ። ደሙን አየሁት፣ ቫይቫክስ የሚባለው የወባ ዓይነት ነው። “ና እስቲ የራስህን ጉድ እይ” ብዬ ወንበሬን ለቀቅኩለት። ብርዱ ይንጠዋል፣ ግን አየ። የሳይንስ ሰው አይደል? ቀይ የደም ሕዋሱ አብጧል። ተውሳኩ ውስጡ እንደ ፈሰሰ ሊጥ ተንጣሏል። ላዩ ላይ ቡናማ ብናኝ ተነስንሶበታል።

“ይቺ ትቢያ የመሰለችው ምንድን ናት?”

“ዓይነ ምድሩ ናት” አልኩት።

እውነቴን ነው። ተውሳኩ የሚበላው ሄሞግሎቢን ነው። ፕሮቲኑን ይፈጨዋል። ብረት የተሸከመውን ክፍል፣ ሄም የሚባለውን፣ ግን መፍጨት አይችልም። ዝም ብሎ ቢተወው ደግሞ ይመርዘዋል። ስለዚህ ወደ ጠጣር ክሪስታል ለውጦ ሆዱ ውስጥ ያከማቸዋል። ሄሞዞይን ይባላል።

“ብረት አለበት አልክ?”

“አለበት።”

ጥርሱ እየተንገጫገጨ ሳቀ። “እንግዲያው ማግኔት ያውቀዋላ!”

መድኃኒቱን ይዞ ሄደ። በሳምንቱ ድኖ፣ ስልኩን በእናንተ ጽሑፍ ሞልቶ መጣ። ሦስት ማኪያቶ ጨርሰን ነው የገባኝ። ከተሳሳትኩ ጥፋቱ የእኔ ነው።

አልማዝ በእኛ አገር ይበልጥ የሴት ስም ነው። በየሰፈሩ አንድ አልማዝ አለች፤ ድንጋዩን በዓይኑ ያየ ግን ስንት ሰው ነው? ድንጋዩ የካርቦን ድርድር ነው። ከካርቦኖቹ አንዱ ይወጣና ናይትሮጅን ይተካዋል። ከናይትሮጅኑ ጎን ያለው ቦታ ደግሞ ባዶ ይቀራል። እዚያች ጎዶሎ ውስጥ ኤሌክትሮኖች ይታጎራሉ። ኤሌክትሮን ስፒን የሚሉት ነገር አለው፤ እንደ ትንሽ የማግኔት መርፌ ቁጠረው አለኝ። “እንደ እንዝርት ይሾራል ማለት ነው?” ብለው “ተማሪዎቼም እንደዚያ ይላሉ፣ አይሾርም!” ብሎ ተቆጣኝ።

ጎዶሎዋ ላይ አረንጓዴ ሌዘር ስታበሩ ቀይ ታበራለች። ቀጥላችሁ ማይክሮዌቭ ትለቁባታላችሁ። 2.87 ጊጋኸርዝ ላይ ስትደርሱ ቀዩ ይደበዝዛል። ሬዲዮ ላይ ጣቢያ እንደ መፈለግ ነው። አጠገቧ ማግኔት ካለ ጣቢያው ለሁለት ይከፈላል። ሁለቱ የተራራቁበትን ለክታችሁ የማግኔቱን ጉልበት ታውቃላችሁ። ሙቀት ግን ሁለቱንም ጣቢያ ባንድነት ይገፋቸዋል እንጂ አያራርቃቸውም። ስለዚህ ያችው አንዲት አልማዝ ቴርሞሜትርም፣ ማግኔት መለኪያም ትሆናለች። ይህ ሁሉ የሚሠራው ደግሞ በተራ የክፍል ሙቀት ነው። ፈሳሽ ሂሊየም የለ፣ ምን የለ።

ጆሮዬ የቆመው እዚህ ላይ ነው። ማቀዝቀዣ የማይለምን ማሽን እኛ ጋ ብርቅ ነው።

ከዚያ ወዲያ ሥራችሁን እንደ ኳስ ውጤት መከታተል ጀመርኩ። በ1997 ጀርመን ውስጥ ዮርግ ቭራህትሩፕና ባልደረቦቹ አንዲቷን ጎዶሎ ብቻዋን ለይተው አዩ። በ2013 ሃርቫርድ ያለው የሚካኢል ሉኪን ቡድን ናኖ አልማዝ፣ በዓይን የማይታይ የአልማዝ ብናኝ፣ ሕያው የሰው ሕዋስ ውስጥ አስገብቶ ሙቀት ለካ። በዚያው ዓመት የሮናልድ ዋልስዎርዝ ቡድን የራሳቸውን ኮምፓስ ይዘው የሚዋኙ ባክቴሪያዎችን አልማዝ ላይ አስቀምጦ ማግኔታቸውን በምስል አወጣ። በ2016 ይኸው ቡድን የአንድ የባሕር ትል ነርቭ ሲተኩስ የሚፈጥረውን ማግኔት አደመጠ። ግሮኒንገን ያለችው የሮማና ሺርሃግል ቡድን ደግሞ ሕዋስ ውስጥ ያሉ ፍሪ ራዲካሎችን፣ ያገኙትን የሚነካኩ ቁጡ ሞለኪውሎችን፣ እያደነ ይፈልጋል። በ2025 የቺካጎዎቹ ፒተር ማውረርና ዴቪድ አውሻሎም ከአልማዙም አለፍ አሉ። ሕዋሱ ራሱ የሚሠራው አብሪ ፕሮቲን ኳንተም ሴንሰር፣ ማለት እንደ ጎዶሎዋ በስፒን የሚለካ መሣሪያ፣ ሊሆን እንደሚችል አሳዩ። ለመለካት አቅሙ ገና ከአልማዙ ጋር አይወዳደርም፤ ግን ሐሳቡ ያስቀናል።

ከሁሉም እኔን የያዘኝ የባክቴሪያዎቹ ነገር ነው። ባክቴሪያ ውስጥ ያለ የብረት ቅንጣት ከታየ፣ የእኔዋ ቡናማ ትቢያ ምን ይከለክላታል? የኒው ሜክሲኮ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ለካ በ2019 ሠርተውታል! የሄሞዞይን ክሪስታሎችን አልማዝ ላይ አድርገው የእያንዳንዱን ማግኔት ለክተዋል። ያን ቀን ለጓደኛዬ ደውዬ ጮህኩበት።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ።

ጤና ኬላ ላይ ማይክሮስኮፕ የለም። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ የምትጠቀመው ፈጣን መመርመሪያውን፣ አርዲቲ የምንለውን ነው። ጠብታ ደም፣ ጥቂት ፈሳሽ፣ ከዚያ መጠበቅ። ቀይ መስመር ከወጣ ወባ አለ። ያቺ ቀይ መስመር ወርቅ መሆኗን ስንቱ ያውቃል? በዓይን የማይታዩ የወርቅ ቅንጣቶች ሲጠራቀሙ ነው ቀይ የሚመስሉት። ለእናቶች ስነግራቸው “ታዲያ ለምን ትጥሉታላችሁ?” ይሉኛል።

መመርመሪያው ለረጅም ጊዜ የኖረው ኤችአርፒ2 የሚባለውን የፋልሲፓረም (የገዳዩ ወባ ተውሳክ) ፕሮቲን በመያዝ ነው። ተውሳኩ ደግሞ ሞኝ አይደለም። ፕሮቲኑን የሚሠራውን ጂን ጣለው! መጀመሪያ በ2010 ከፔሩ ነው የተሰማው። በ2021 ደግሞ የእኛው ወጣ። ከኤርትራ፣ ከሱዳንና ከደቡብ ሱዳን በሚዋሰኑ ወረዳዎች ከ12 ሺህ በላይ ሰው ተመርምሮ፣ ፋልሲፓረም ከያዛቸው ወደ 10 በመቶ የሚጠጉትን መመርመሪያው በዚህ ምክንያት ይስታቸዋል የሚል ግምት ተገኘ። የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 በመቶ ካለፈ መመርመሪያ ቀይሩ ይላል። እኛ የእጥፍ ያህል ነበርን።

ቁጥሩ ከመውጣቱ በፊት እኔ ያየሁት በሰው ነው። አንዲት እናት የአምስት ዓመት ልጇን አዝላ መጣች። ሁለት ጊዜ ተመርምሮ ሁለት ጊዜ “ነጻ ነው” ተብሏል። ልጁ ጭንቅላቱን መያዝ አቅቶታል። ስላይዱን ሠርቼ ገና ሌንሱን ሳስተካክል ቀለበት በቀለበት ነው። ነጭ የደም ሕዋስ እየቆጠርኩ ተውሳኩን ለመቁጠር ሞክሬ እጄ ተንቀጠቀጠ። ልጁ ሪፈር ተጽፎለት ሄደ፤ ዳነ፣ ተመስገን። የመረመረችውን ባለሙያ ማን ይወቅሳታል? መስመር አልወጣም፣ የለም አለች። ከዚያ በኋላ ሌላ ፕሮቲን የሚይዙ መመርመሪያዎች መጥተዋል። ጥሩ ናቸው። ግን ጂን መጣል የለመደ ጠላት ነገ ምን እንደሚያደርግ እንጃ።

ሄሞዞይኑን ግን ከየት አባቱ ይጥለዋል? ከጣለው የበላው ምግብ ራሱ ይገድለዋል። ክሎሮኪን ሲሠራ የኖረው በዚሁ ነው፤ ክሪስታሉ እንዳይሠራ ያደናቅፋል። ፋልሲፓረም ክሎሮኪንን የተቋቋመበትን መንገድ ልብ በሉ። ክሪስታል መሥራቱን አላቆመም። መድኃኒቱን ከሆዱ እያወጣ መጣል ነው የተማረው። ያን ያህል የሙጥኝ ያለው ነገር ነው።

ታሪኩም ያግዘኛል። ላቬራን በ1880 አልጄሪያ፣ ቆንስጠንጢና ላይ ተውሳኩን ያገኘው ይህንኑ ጥቁር ቀለም እየተከተለ ነው። ሮናልድ ሮስ በ1897 ሕንድ ውስጥ ትንኟ ሆድ ላይ ተውሳኩን ያወቀው በዚሁ ቀለም ነው። ሁለት ጊዜ መንገድ አሳይቷል። ለዚህ ነው ዓይናችሁን ከእሱ ላይ እንዳትነቅሉ የምለምነው።

ነገር ግን ቆላ ያለ ሰው ነኝና ችግሩንም አልደብቃችሁም። አንደኛ፣ ፋልሲፓረም ሲበስል ደም ውስጥ አይዞርም፤ የውስጥ አካል ደም ሥሮች ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ጣት ስወጋ የሚመጣልኝ ገና ቀለበት የሆነው ሕፃኑ ነው። ሕፃኑ ደግሞ ገና አልበላም፣ ትቢያውም እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ጥቂቷን እንኳ ሳይስት የሚለይ መሣሪያ ያስፈልጋል የምትሉት ለዚህ መሆን አለበት እንጂ፣ ላቦራቶሪ ውስጥ የጠገበ ተውሳክ ለማየትማ የእኔ ማይክሮስኮፕ ይበቃል። በማግኔትና በብርሃን ሄሞዞይን የሚያዩ መሣሪያዎች ከእናንተ በፊትም ተሞክረዋል፤ ቀለበቱ ላይ ሲደርሱ ነው የሚከብዳቸው። ሌላው፣ በሽተኛው ታክሞ ከዳነ በኋላም ትቢያው ነጭ የደም ሕዋስ ውስጥ ይቆያል። ማሽናችሁ የዳነውን ሰው “ታመሃል” እንዳይለው። ደሙ ራሱም ያሳስታል። ፖሊንግና ኮርየል በ1936 እንዳሳዩት ኦክስጅን የያዘ ሄሞግሎቢን ማግኔት አይስበውም፤ ኦክስጅኑን ሲለቅ ግን ይስበዋል። እናም ተውሳክ የሌለበት ደም እንኳ ዝም አይልም።

ደግሞ ሌላ መንገድ አለላችሁ። በ2020 የለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሰዎች፣ የሬቸል ማኬንድሪ ቡድን፣ አርዲቲን የመሰለ የወረቀት መመርመሪያ ላይ ወርቁን አንሥተው ናኖ አልማዝ አደረጉበት። አልማዙን በማይክሮዌቭ ብልጭ ድርግም ያደርጉታል፤ ወረቀቱ ራሱ የሚያበራው ግን ብልጭ ድርግም አይልም። ስለዚህ ድርግም የሚለውን ብቻ ይለቅማሉ። ጨለማ ውስጥ በባትሪ የሚጠቅስህን ሰው መለየት ማለት ነው። በሞዴል ሙከራቸው ከወርቁ መቶ ሺህ ጊዜ የበለጠ አነስተኛ መጠን ለይተዋል። ከዚያ ለኤችአይቪም ሞክረውታል። ለወባስ? ጂን ጥሎ የተረፈውን ቅሪት፣ ነፍሰ ጡር ደም ውስጥ የተደበቀውን ጥቂት ተውሳክ፣ ምልክት ሳያሳይ ለትንኝ የሚያቀብለውን ሰው? ወርቁን አውቀነዋል። አልማዙን አምጡት።

አመጣጣችሁ ግን እንደ ሌሎቹ አይሁን። ጤና ጣቢያችን ጓዳ ውስጥ ነጠላ የለበሰ ማሽን አለ። ለጋሽ ነው የሰጠን። በመጣ ቀን ፎቶ ተነሣን፣ ዳቦ ተቆረሰ። ሁለት ወር ሠራ። ከዚያ የራሱ የሆነ ሪኤጀንት፣ የመመርመሪያ ኬሚካሉ፣ አለቀ። ሲገኝ ደግሞ መብራት ሲሄድና ሲመጣ ቦርዱ ተቃጠለ። ጠጋኙ ያለው ባሕር ማዶ ነው። አሁን ከላዩ ላይ የቀን መቁጠሪያ እናስቀምጥበታለን። ማይክሮስኮፔ ግን አሮጌ ናት፣ መስታወት አላት። መብራት ሲጠፋ አምፖሏን ነቅዬ መስታወቷን ወደ መስኮቱ አዞራለሁ። ፀሐይ እስካለች ድረስ ደም ይታያል።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ የተጠናቀቀ ሣጥን እንድትልኩልን አይደለም። ገና ጠረጴዛ ላይ ተበታትኖ ሳለ፣ ሽቦው ሳይሸፈን ኑ። ቀትር ላይ 38 ዲግሪ በሆነ ክፍል፣ አቧራ እየገባ፣ ከሕፃን ጣት በወጣ አንድ ጠብታ ደም ሞክሩት። አልማዛችሁ በአንድ ዲግሪ ሙቀት 74 ኪሎኸርዝ ገደማ እንደሚንሸራተት ጓደኛዬ ነግሮኛል። ሁለቱን ጣቢያ አወዳድራችሁ ታስተካክሉታላችሁ፣ አውቃለሁ። ግን ጠዋትና ቀትር በየቀኑ ሲፈራረቅበት፣ ለሦስት ወር፣ ወረፋ ተሰልፎ እያየው? እሱን ነው ማየት የምፈልገው። አዲስ አበባ ውስጥ ከ1970 ጀምሮ የቆየው አርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም አለ። ጅማ ዩኒቨርሲቲ አለ። ኤችአርፒ2 የጣለው ተውሳክ ያለው እዚህ ነው፤ ፒሲአር (የተውሳኩን ጂን አባዝቶ የሚያሳይ ምርመራ) የሚሠራ፣ ስላይድ የሚያነብ ሰውም ያለው እዚሁ ነው። ደሙን ብቻ ወስዳችሁ እንዳትጠፉ። ይህ ደርሶብናል። ደም ሰጥተን፣ በዓመቱ ሥዕሉን መጽሔት ላይ አየነው፤ ስማችን የለም፣ ውጤቱም አልተነገረን። ከእናንተ ጋር የሚሠራ፣ ሲበላሽ የሚፈታና የሚገጥም አንድ ልጅ ከዚህ አገር አሠልጥኑ። ሣጥኑ ከዚያ በኋላ ቢመጣ እንኳ ነጠላ አይለብስም።

ግልባጩ ለደረሳችሁ የፊዚክስ መምህራን ሁለት ቃል። 2025ን ዓለም አቀፍ የኳንተም ዓመት እናድርገው ብላ ረቂቁን ለተባበሩት መንግሥታት ያቀረበችው ጋና ናት። አፍሪካ ናት! እኛስ? ጓደኛዬ የማግኔት ትምህርት የሚያስተምረው በሁለት ዘንግ ማግኔት ነው፤ አንዱ ተሰብሯል። አረንጓዴ ሌዘር፣ ጎዶሎ ያለበት ቁራጭ አልማዝ፣ ማይክሮዌቭ የሚለቅ ሽቦና ቀዩን የሚለካ ነገር ካለ ያንን መደብዘዝ ተማሪ በዓይኑ ማየት ይችላል ይለኛል። ውጭ አገር ለተማሪ የሚሆን እንዲህ ያለ ቀላል ስብስብ አለ። አንድ ዩኒቨርሲቲ አንድ ቢያስመጣ ጓደኛዬ ልጆቹን በአውቶቡስ ጭኖ ይሄዳል። እኔም እሄዳለሁ፣ ከፈለጋችሁ ስላይድ ይዤ።

የጓደኛዬን ያችን ስላይድ ደግሞ አሁንም አልጣልኳትም። ቁም ሣጥን ውስጥ በወረቀት ጠቅልዬ አስቀምጫታለሁ። ጊምሳዋ ትንሽ ደብዝዟል፣ ቡናማ ትቢያዋ ግን እንዳለች ናት። መጥታችሁ ጀምሩባት።

ስትመጡ በመስከረም መጨረሻ ቢሆን ይመረጣል። ኤክስቴንሽን ይዛችሁ ኑ። ሶኬታችን ሁለት ነው፣ አንዱ የፍሪጁ ነው።

ከሰላምታ ጋር፣
የላቦራቶሪ ባለሙያው